ከሆቴሉ ክፍል ደጃፍ የጠፋ ጫማ

እናቴ አዋላጅ ናት። «ራሱ ከታየ ወዲያ መመለስ የለም» የምትለው ነገር አላት፤ ለምጥም፣ ለገበያም፣ ለጠብም ትጠቀምበታለች። ታናሽ ወንድሜ በከተማው መሀል ባለው በዚያ ትልቅ ጥንታዊ ሆቴል ሊያገባ ቀን በቆረጠ ጊዜ፣ አባዬን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ያለችው ይህንኑ ነው። አባዬ አልሄድም አለ። ትሄዳለህ አለችው። ሄደ።

ሄደ ስል ግን ገላው ሄደ ማለቴ ነው። ልቡ እቤት፣ ግቢ ከቆመው ቦቴው ጎን ቀርቶ ነበር። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ነዳጅ በቦቴ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፤ ሲናደድ አይጮህም፣ አይሳደብም፣ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እሱ ነው። እኔ ጩኸቱን የወረስኩት ከእማዬ ነው፤ ሥራዬም መኪና መንዳት ማስተማር ስለሆነ ጩኸቱ እንጀራዬ ሆኗል።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው። የወንድሜና የሙሽራዋ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ሊተዋወቁ የተቀጣጠሩ ዕለት አባዬ መንገድ ላይ ነበር፤ መኪናው ተበላሽቶበት ሰው በሌለበት ቦታ ቆሞ ነበር። «ጠብቁኝ፣ እደርሳለሁ» ብሎ ደወለ። እማዬ በዚያው ሰዓት ምጥ ላይ ተጠርታለች፣ እኔ ተማሪዎቼን ለፈተና ይዤ ሄጃለሁ። ወንድሜ አባቱን መጠበቅ ሲገባው፣ የእማዬን ወንድም፣ አጎታችንን ይዞ ሄደ። አጎታችን የወለል ሴራሚክ ነጋዴ ነው። ፊቱም ጫማውም ንግግሩም ስለሚያብለጨልጭ እኛ የእህቱ ልጆች «ሴራሚክ» እንለዋለን፤ ሚስትም ልጅም የለውም። የሙሽራዋ አባት በሩ ላይ ተቀብሎት «እንኳን ደህና መጡ፣ የልጃችን አባት» አለው። ሴራሚክ አላረመም። ወንድሜም አላረመም። ቁጭ ብለው ተጫውተው፣ ተመራርቀው ወጡ።

ወንድሜ ዝምተኛ ነው። ሰፈሩ «ጭምት» እያለ ያሞግሰዋል፤ እኔ ግን አንገቱን ደፍቶ አገር አጠፋ የተባለው ስለሱ ይመስለኛል። በነዚያ ሰዎች ሒሳብ እናቴ የገዛ ወንድሟን አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች ማለት ነው። አባዬ ይህን የሰማው ከሴራሚክ ከራሱ አፍ ነው፤ «አባት ብለው ሾሙኝ እኮ!» ብሎ እየሳቀ ነገረው። አባዬ አልሳቀም። እማዬ በማግስቱ ሄዳ ልትነግራቸው ትችል ነበር፣ ግን «ያበላሸው ያስተካክል» ብላ ለወንድሜ ተወችው። እሱም «እነግራቸዋለሁ፣ እነግራቸዋለሁ» እያለ የሠርጉ ዋዜማ ደረሰ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ።

እማዬ ያን ዕለት መኪናዬ ውስጥ ስትገባ ቁርጥ አድርጋ ተናገረች። «ነገ ይሄ ሰውዬ በልጁ ሠርግ የአባት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሌላ ሰው ከተቀመጠበት እኔ እዚያ አዳራሽ አልገባም፤ ልጅም የለኝ።» አባዬ ከኋላ ወንበር በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር።

ሆቴሉ ከአደባባዩ ፊት ለፊት እንደ ትልቅ መርከብ ተገትሯል። ግድግዳው ከጥርብ ድንጋይ ነው፤ በረንዳዎቹ በተጠማዘዘ ብረት ታጥረዋል፤ መግቢያው ላይ የሚሽከረከር የመስተዋት በር አለ። አባዬ በሩን እንደ አደባባይ ቆጥሮት መሰለኝ፣ ከውስጥ ለሚመጣው ቅድሚያ ሰጥቶ ቆመ። ከውስጥ የሚመጣው ሰው ደግሞ አያልቅም። በመጨረሻ እማዬ ከኋላው ገፋችውና ሁለቱም በአንድ ክፍል ተጣበው ገቡ። ውስጡ ወለሉ ነጭና ጥቁር እብነ በረድ፣ ጣሪያው ሩቅ፣ ክሪስታል መብራቱ ከላይ እስከ ታች የተንዠረገገ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ የቆመችው ወጣት «የሙሽራው ቤተሰብ!» ብላ ከወገቧ ሰበር አለች። ክፍሉን የያዙልን የሙሽራዋ ቤተሰቦች ናቸው። የብረት አጥር ባለው አሮጌ ሊፍት ስንወጣ አባዬ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ድምፅ አቀና፤ «ዘይት ይፈልጋል» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም።

የኮሪደሩ ምንጣፍ እግር ይውጣል። ክፍላችን ሲከፈት ደግሞ ሌላ ምንጣፍ፣ ነጣ ያለ፣ አንድ ጠብታ ሻይ ቢነካው ዕድሜ ልክ የሚናገር። በእማዬ ቤት ጫማ ከደጃፍ አያልፍም። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ሚኒስትር ቢመጣ አውልቆ ነው የሚገባው። «የሰው ምንጣፍ ነው፣ አውልቁ» አለች። አወለቅን። ሦስታችንም ጫማችንን ከበሩ ውጭ ደርድረን ገባን። ሻንጣ ያመጣልን ሰውዬ አይቶን ትንሽ ግራ ገባው፤ እሱም ላውልቅ አላውልቅ ብሎ ሲያመነታ እማዬ ሻንጣውን ከእጁ ተቀበለችው።

ክፍሉ ያምራል፤ አልዋሽም። አልጋው ከፍ ከማለቱ የተነሳ ለመውጣት መንደርደር ያሻል። መታጠቢያ ገንዳው የራሱ እግር አለው። መጋረጃው ከባድ ነው፤ ስትገልጠው አደባባዩ ከነሰዉ ከነመኪናው ከሥርህ ይዘረጋል። አባዬ መስኮቱ ጋ ቆመ። «እዚህ አደባባይ ላይ ከባድ መኪና ክልክል ነው» አለ። «ስንት ዓመት በዚህ ከተማ ጀርባ ስዞር ፊቱን አይቼው አላውቅም።» ድምፁ ለስለስ ብሎ ስለነበር እማዬ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እየተፍታታ ነበር።

ሴራሚክ ባይመጣ ኖሮ።

አጎቴ አንኳኩቶ ገባ፤ ጫማውን ሳያወልቅ። እማዬ እግሩን አየች። ሙሉ ልብሱ አዲስ፣ ክራባቱ ሐር ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንግዲህ ነገ ሰው እንዳይደናገር» አለ ለአባዬ። «የልጅቷ ዘመዶች እኔን ለምደውኛል። አዳራሹ በር ላይ ከአባትየው ጋር ሆኜ እንግዳ የምቀበለው እኔ ልሁን። አንተ ከፊት ትቀመጣለህ፣ ክብርህ እንደተጠበቀ ነው። የዘመድ ነገር አይደል? ለአንድ ቀን ነው።»

«ጭምት ያውቃል?» አልኩት።

«ዝም አለ» አለ አጎቴ። «ዝም ካለ ተስማምቷል።»

አባዬ ከመስኮቱ ዞሮ ያልተከፈተች ሻንጣውን አነሳ። «መልካም ሠርግ ይሁንላችሁ» አለና በሩን ከፈተ። ከዚያ ቆመ። ወደ ታች አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። ምንጣፉ ላይ ምንም የለም። ሦስቱም ጫማ የለም።

«ጫማዬ!» አለ።

እዚህ ላይ ስለ አባዬ እግር መናገር አለብኝ። የአባዬ እግር ሱቅ ውስጥ ጫማ አያገኝም። ርዝመቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ስፋቱ ደግሞ ሌላ ነው። ጫማው በልክ የሚሰፋለት ነው፤ ያለውም አንድ የክት፣ አንድ የሥራ ነው፤ የሥራው እቤት ቀርቷል። አልጋው ሥር የተቀመጠውን የሆቴሉን ነጭ ነጠላ ጫማ ሞከረው፤ ጣቶቹ ገቡ፣ የቀረው እግሩ ውጭ አደረ።

«ሌባ ቤት ነው ያመጣችሁኝ! በባዶ እግሬም ቢሆን እሄዳለሁ» አለ።

«ሂድ» አለች እማዬ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች። «ታች ሎቢው ሙሉ የአማቾችህ ዘመድ ነው። በባዶ እግርህ ውረድና ተዋወቃቸው።»

አባዬ በሩን መልሶ ዘጋው። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሻንጣውን ጭኑ ላይ አደረገ። «ጫማዬ በተገኘባት ደቂቃ እወጣለሁ» አለ። ሴራሚክ ተነሥቶ ሹልክ ብሎ ወጣ። እማዬ ለኔ በአገጯ ምልክት ሰጠችኝ፤ ፈልጊ ማለቷ ነው። እኔም በካልሲዬ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ።

እንግዳ መቀበያ ያለችው ወጣት ካልሲዬን አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ሥራዋን ታውቃለች። ስለ ጫማው ስጠይቃት ፈገግ አለች። «ከክፍል በር ውጭ የተቀመጠ ጫማ ለመጠረግ ይወሰዳል። ሆቴሉ ከተከፈተ ጀምሮ የቆየ የቤቱ ደንብ ነው። ምድር ቤት ይውረዱ።»

ምድር ቤቱ ከላይኛው ቤት ጋር አይተዋወቅም። እብነ በረዱ እደረጃው አናት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ሲሚንቶ ነው። በልብስ ማጠቢያው እንፋሎት ውስጥ አልፌ፣ የቀለምና የቆዳ ሽታ ወደሚመጣበት ትንሽ ክፍል ደረስኩ። ጫማ ጠራጊው ሽርጥ ያጠለቀ፣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ቀለም የሰረገ ጎልማሳ ነው። የአባዬን ጫማ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንደ ሐውልት ዙሪያውን እየዞረ ያየዋል።

«ያንቺ ነው እህቴ?» አለኝ።

«የአባቴ።»

«እግዜር ይባርከው። በዕድሜዬ እንደዚህ ያለ ጫማ አልጠረግሁም፤ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ሊበላብኝ ነው።» ከዚያ አፍሮ ወደ ጥግ ጠቆመኝ። የኔ የሸራ ጫማና የእማዬ የላስቲክ ጫማ ገመድ ላይ ተሰቅለው ይንጠባጠባሉ። «እነዚህን ምን ላድርጋቸው ብዬ ቸገረኝ። ቀለም አይቀቡ! አጠብኳቸው።»

ሳቄ አመለጠኝ። የአባዬን ጫማ ላነሳ እጄን ስዘረጋ፣ ከኋላዬ የእማዬ ድምፅ መጣ። «ተይው!»

በሆቴሉ ነጭ ነጠላ ጫማ እየተጎተተች ወርዳለች። በሩን ከኋላዋ ገፋ አደረገችው።

«ምን ነካሽ እማዬ? ጫማው ተገኘ እኮ።»

«አንቺ ልጅ፣ ማሰብ የምትጀምሪው መቼ ነው? ጫማው ወደ ላይ ከወጣ አባትሽ ወደ ታች ወረደ። ሰውዬው የቆመው ጫማ ስላጣ ብቻ ነው።» ወደ ጫማ ጠራጊው ዞረች። «ወንድሜ፣ ይሄ ጫማ እስከ ነገ እዚህ ይቆይልኝ።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። «እመቤቴ፣ አይሆንም። የቤቱ ደንብ ጫማው ተጠርጎ ወዲያው በሩ ላይ ይመለሳል ነው የሚለው። ያለ ምክንያት እዚህ ማሳደር አልችልም።»

እማዬ ጫማውን አነሳች። ገለበጠችው። እንደ አራስ ልጅ ከየአቅጣጫው መረመረችው። «ታኮው አላለቀም?»

«ትንሽ በአንድ ወገን በልቶታል እንጂ...»

«አልቋል! ባለቤቴ በዚህ ጫማ ነገ በልጁ ሠርግ ላይ ሊሄድ ነው። ሁለቱንም ታኮ ቀይርልኝ። ደህና አድርገህ ቀይርልኝ። አትቸኩል።»

ጫማ ጠራጊው እሷን አየ፣ ጫማውን አየ፣ እኔን አየ። የገባው ይመስለኛል፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ ሊመጣ ሲል ገታው። «እንደዚህ ያለ ታኮ ለመቁረጥ ቆዳውም በልኩ መፈለግ አለበት» አለ። «ነገ ረፋድ ላይ ይደርሳል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። እማዬ ላይ ወጥታ አባዬን «ታኮውን ሊሠሩት ወስደውታል» አለችው፤ ውሸት የለበትም። አባዬ «ማን ሥሩ አላቸው?» ቢል እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃ ከፈተች። በዚያ እንደ ሜዳ በሰፋ አልጋ ላይ አልተኛም፤ ሻንጣውን ታቅፎ ወንበሩ ላይ አነጋ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እሱ ምላጩንም ወንበሩንም ዋጠ። እኔ ለራሴ የተሰጠኝ ክፍል ውስጥ ሆኜ ተናደድኩ። በአባዬ አይደለም፤ በጭምት። ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ ለሱ ሲል ሲሯሯጥ እሱ የለም።

ጠዋት ከሎቢው ጎን ባለው የሆቴሉ ፀጉር ቤት ውስጥ አገኘሁት። ትልቅ የቆዳ ወንበር ላይ ተጋድሞ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኗል። ፀጉር አስተካካዩን «አንድ ጊዜ ይቅርታ» ብዬ ምላጩን አስወረድኩት።

«ተነሥ!»

«እህቴ፣ ዛሬ እኮ ሠርጌ ነው» አለ በአረፋው ውስጥ።

«እሱንማ ሰማሁ። የማን ልጅ እንደሆንክ ግን አልሰማሁም። አባትህ ከትናንት ጀምሮ ሻንጣ ታቅፎ ተቀምጧል። ሴራሚክ ቦታውን ሊወስድበት መጥቶ ነግሮታል። አንተ ደግሞ ዝም ብለሃል!»

ዝም አለ። አረፋው ደረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ልመታው ነበር፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ድምፁ ተሰማ፤ ቀጭን፣ የሕፃን።

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ‹አባቴ ያላችሁት አባቴ አይደለም፣ አንድ ቀን ዋሽቼ ከዚያ አፍሬ ዝም አልኩ› ልበል? ሰውዬው ‹በአባቱ የዋሸ በልጄ ምን ያደርጋል› አይለኝም? በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ። በየቀኑ ይከብዳል።»

«ለሙሽራዋስ?»

«ትናንት ነገርኳት። አለቀሰች። ‹እጠብቅሃለሁ፣ ግን አንተው ጨርሰው› አለችኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት። ግን ማዘን ሌላ፣ መተው ሌላ። እኔ ጋ የሚመጡ ተማሪዎች ዳገት ላይ ፍሬን ይረግጡና ይደርቃሉ፤ ወደፊት ቢሉ ይፈራሉ፣ ቢለቁት ወደኋላ ይሄዳሉ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምላቸው። «ዳገት ላይ ቆሞ አይታደርም። ወይ ንዳ፣ ወይ ውረድ» አልኩት። ፎጣ አንስቼ ፊቱን ጠራረግኩለት፣ እጁን ይዤ ወደ ምድር ቤት ጎተትኩት። ፀጉር አስተካካዩ ከነምላጩ እበሩ ድረስ ተከተለን፤ ግማሽ ጢሙ አልተላጨም ነበር።

እማዬ ጫማ ጠራጊው ጋ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዘበኛ መስላለች። ጫማው ተሠርቶ አልቋል። ጠረጴዛው ላይ ጥንድ ሆኖ ያበራል፤ አዲሱ ታኮ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው። የእማዬ ዕቅድ ግልጽ ነበር፤ ጫማውን ይዛ መቆየት፣ ሙዚቃው ሲጀምር፣ ሰው ሁሉ ሲገባ፣ መሄድ የሚያሳፍርበት ሰዓት ላይ ማድረስ።

ወንድሜ ጫማውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። «እኔ እወስድለታለሁ።»

«አስቀምጥ!» አለች እማዬ። «አሁን ከወሰድክለት ይሄዳል።»

«ይሂድ።»

«ምን አልክ?»

«መሄድ ከፈለገ ይሂድ እማዬ። ጫማውን ቀምተን የምናስቀምጠው አባት ምን ያደርግልኛል? ከሄደ እኔም አብሬው እሄዳለሁ።»

እማዬ ከበርጩማዋ ተነሥታ በሩን በሰውነቷ ዘጋች። ስንት ምጥ አይታ ያልተነቃነቀች ሴት ናት፤ ስትቆም እንደ ግንብ ነው። ወንድሜ ጫማውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ፊቷ ቆመ። አላጎነበሰም። ተያዩ። ከዚያ እማዬ ቀስ ብላ ወደ ጎን ገለል አለች። ስናልፍ ክንዴን ያዘችኝ። «አባትሽ ከሄደ ግን በወንድምሽ ነው የማለቅሰው፣ በአባትሽ አይደለም» አለችኝ።

አባዬ አሁንም መስኮቱ ጋ ነው። ወንድሜን ሲያይ ዓይኑን ወደ አደባባዩ መለሰ። ወንድሜ ከበሩ ላይ የገዛ ጫማውን አወለቀ፤ የሙሽራ ጫማውን። በካልሲው ገብቶ አባዬ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ።

«ጫማህ እዚሁ ነበር» አለ። «እንዳትሄድ ነው የደበቁት። እኔ ግን አምጥቼልሃለሁ። አባዬ፣ ያኔ መንገድ ላይ ሆነህ ጠብቁኝ ስትል ልጠብቅህ ይገባ ነበር። አባት ብለው ሲጠሩትም አይደለም ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። በአንተ አይደለም ያፈርኩት፤ አንዴ ዝም ካልኩ በኋላ በራሴ አፈርኩ። አሁን መሄድ ከፈለግህ አብሬህ እወጣለሁ። ያለ አንተ አዳራሹ ውስጥ አልገባም።»

አባዬ እግሩን ዘረጋ። ወንድሜ አንዱን አጠለቀለት፣ ሌላውን አጠለቀለት፣ ማሰሪያውን አሰረ። አባዬ ተነሥቶ ታኮውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታው።

«ማነው ይሄን የሠራው?»

እማዬ ጣሪያውን ታያለች።

«ጥሩ አድርጎ ሠርቶታል» አለ አባዬ። ከዚያ ሻንጣውን አነሳ፣ በአጠገባችን አለፈ፣ ወጣ።

ሊፍቱን አልጠበቀም። በትልቁ ደረጃ፣ መሀል ለመሀል፣ የእንጨቱን መደገፊያ ሳይነካ ወረደ። አዲሱ ታኮ እብነ በረዱ ላይ ሲያርፍ እየሰማን ተከተልነው፤ ወንድሜ አንድ ጉንጩ የተላጨ፣ እማዬ በነጭ ነጠላ ጫማ፣ እኔ እርጥብ የሸራ ጫማ አጥልቄ። ሎቢው በእንግዳ ተጨናንቋል። በግራ የመንገዱ በር፣ በቀኝ አዳራሹ። አባዬ መሀል ላይ ደርሶ ቆመ። አዳራሹ በር ላይ ሴራሚክ ከሙሽራዋ አባት ጎን ቆሞ እንግዳ ይጨብጣል፤ «አመሰግናለሁ፣ የልጄን ደስታ አየሁ» ይላል። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶን ስለነበር ፊቱን አላየሁም። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የረዘመ ነገር አላውቅም።

ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወደ ቀኝ ዞረና ቀጥ ብሎ ወደ አዳራሹ በር ሄደ።

ሴራሚክ ሲያየው ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። የሙሽራዋ አባት፣ ረጅም፣ መነጽር ያደረገ ሰው፣ እጁን በትሕትና ዘረጋ። «እንኳን ደህና መጡ። እርስዎ ደግሞ የሙሽራው...? አጎቱ ይሆኑ?»

ሴራሚክ አፉን ከፈተ። ወንድሜ ቀደመው።

«አባቴ ነው» አለ፤ ግን እንደ ልማዱ በለሆሳስ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም?»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ አየ። «ንዳው!» አልኩት፤ ስሜቴ ነው የተናገረው። በዚያ ግማሽ በተላጨ ፊቱ፣ በሰው ሁሉ መሀል፣ ድምፁ ሲወጣ ሎቢው ጸጥ አለ።

«አባቴ ነው! ያን ቀን ቤትዎ የመጣው አጎቴ ነው። አባት ሲሉት ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ እሱ ነው፤ ያኔም እሱ ነበር፤ ቦቴ እየነዳ ያሳደገኝ እሱ ነው!»

ሴራሚክ ቀስ ብሎ ከቦታው ሸርተት አለ። የሙሽራዋ አባት እጁን እንደዘረጋ መነጽሩ ውስጥ ዓይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። አባዬ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወደ ወንድሜ ጠጋ አለ።

«ቀስ በል» አለው በሹክሹክታ። «ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!» አለ ወንድሜ።

አባዬ ለትንሽ ጊዜ ልጁን ብቻ አየው። ከዚያ ወደ አማቹ ዞሮ እጁን ዘረጋ።